ቀለም የቋጠረች

በአንኮበር ዙሪያ ባሉ አድባራት የደብተራ የሺጥላን እጅ የማያውቅ አልነበረም። ስሙ ለሙያው የወጣለት ይመስላል፤ ሰውየው ጥላ ሰፊ ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወርድ ከበላዩ የሚዘረጋውን፣ ዘርፉ ዙሪያውን የሚወዛወዘውን ትልቁን ጥላ የሚሰፋው እሱ ነው። ካህናቱ ሥራውን ባዩ ቁጥር ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይህን ሰው የቀለም ዓይን ሰጥቶታል» ይላሉ። እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ «የእግዜር ስጦታ ነው» ይላቸዋል።

የእግዜር ስጦታ መሆኑስ እውነት ነው። ስሟም እናናየሁ ይባላል፤ ሚስቱ ናት፣ ከምድጃው ማዶ እንዝርቷን እያሾረች ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተራ የሺጥላ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሲፈጠር ጀምሮ። እናናየሁ ይህን ያወቀችው በተጋቡ በአራተኛው ወር ነበር። ከቆላ የመጣ አንድ ቁና ቃሪያ ከበሰለው በርበሬ ጋር ተደባልቆ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ «እስቲ ቀይ ቀዩን ለይልኝ፤ ላሰጣው ነው» አለችው። ቁጭ ብሎ ሲለይ ቆየ። ተመልሳ ብትመጣ ሁለት ክምር ሠርቷል፤ በሁለቱም ውስጥ ቀዩም አረንጓዴውም እኩል አለ። የቀለደባት መስሏት ሳቀች። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን ላብ አጥምቆታል።

«ትልቅ ትልቁን ነው የለየሁት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ጊዜ ገባት። ከማግባቱ በፊት ጨርቁን ይመርጥለት የነበረው አብሮት የተማረ ጓደኛው ኖሯል። ጓደኛው ወደ ለሚ አገር ከሄደ ወዲህ ሰውየው መርፌ ባነሣ ቁጥር ልቡ እየራደ ነው የሚሰፋው። እናናየሁ አላማችውም፤ ለገዛ እናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱ በርጩማዋን ስባ ከጎኑ ተቀመጠችና ክሩንም ጨርቁንም ራሷ እየመረጠች ታቀብለው ጀመር። እንዲህ እያሉ ሃያ ዓመት ሞላቸው። ሰው ሲገባ እንዝርቷን ታነሣለች፤ ሲወጣ ወደ ቀለሙ ትመለሳለች። ከቤት የምትርቅበት ቀን ካለ ደግሞ ዘዴ አበጅታለች፤ በየቁራጩ ጨርቅ ጠርዝ ላይ በክር ትቋጥርለታለች። አንድ ቋጠሮ ቀይ፣ ሁለት ቋጠሮ አረንጓዴ ነው። ለሌላው ቀለም ዓይኑ ደህና ቢሆንም፣ ከሠሩ አይቀር ብላ ለቢጫው ሦስት፣ ለሰማያዊው አራት ትጨምርለታለች። እሱም በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ሲሰፋ አንዲት አትስተውም።

እናናየሁ ባሏን ትወደዋለች። ሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻቸው አንተ ትለዋለች፤ ሁለቱንም ከልቧ ነው። ነገር ግን እሷም ሰው ናት። በጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ጥላውን እያየ «እሰይ የሺጥላ! እጅህ ይባረክ!» ባለ ቁጥር ቅር ይላታል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ይህን ቀለም የመረጠችው እናናየሁ ናት ሲባል መስማት ያምራታል። ሲያምራት ሃያ ጥምቀት አለፈ።

በ፲፰፻፸፮ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አለቃ ወልደተንሣኤ አንድ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው መጡ። የኮሶበር ቂርቆስ አለቃ ናቸው፤ ኮሶበር ከአንኮበር ወረድ ብላ በገደሉ አፋፍ የተቀመጠች ትንሽ ሰበካ ናት፤ የሺጥላና እናናየሁም የሚሳለሙት እዚያው ነው። አለቃ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ፤ በዓላትንና አጽዋማትን በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ ስለኖሩ ተራ ወሬ ሲያወሩም እንኳ ጣታቸው አያርፍም። የመጡበትን ነገር ገለጡት። የቂርቆስ ጥላ ነው፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል።

«ዕቃ ቤት ተሰቅሎ ነው የበላው» አሉ። «ከተራ ሊደርስ ሁለት ወር ቀረው። የሌሎቹ ታቦት በመኳንንት ግምጃ ይወርዳል፤ የኛ ቂርቆስ በባዶ ዘንግ ይውረድ?»

የሺጥላ የተረፈውን ጨርቅ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። የቀርከሃ አጥንቱ ደህና ነው፤ ልብሱ ግን አይድንም። በደጉ ጊዜ ቢሆን ወደ ግቢ ወጥቶ መለመን ነበር። አሁን ግን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ካዘነበለ ወዲህ የአንኮበር ግቢ ሰው እየራቀው ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹም መቀሳቸውን ይዘው ሄደዋል።

«ያለ ጨርቅ ምን ልስፋ፣ አለቃ?» አለ።

«ጨርቅ እኔ አለኝ» አለች እናናየሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ተነሥታ ከጓዳ አንድ ስልቻ እየጎተተች አመጣችና አፉን ፈታ ዘረገፈችው። ከፋይ፣ ግምጃ፣ ሐር፤ ቀዩ፣ ወይን ጠጁ፣ ሰማያዊው፤ መዳፍ የሚያህል፣ ጣት የሚያህል፣ ቅጠል የሚያህል ቁርጥራጭ መሬቱን ሸፈነው። እናናየሁ ለግቢ ፈትል እየፈተለች የምታስረክብ ሴት ነበረች። ፈትሏን አስረክባ ስትመለስ በልብስ ሰፊዎቹ ቤት በኩል ታልፋለች፤ የመኳንንቱ ካባና ለምድ ሲቀደድ ከመቀስ የሚወድቀውን ቁራጭ የሰፊዎቹ ሹም ገብረ ጻድቅ «ውሰጂ፣ ከሚጠረግ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወሰደች። ለምን እንደምታጠራቅመው ራሷም አታውቅም ነበር፤ ማየቱ ብቻ ደስ ይላት ነበር።

አለቃ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው አንዷን ቁራጭ አነሡና መልሰው ጣሏት።

«ይኼማ ድሪቶ ነው» አሉ።

ድሪቶ የለማኝ ልብስ ነው፤ ያገኘው ጨርቅ ሁሉ እየተጣፈበት የሚለበስ። ከዚያ የከፋ ቃል ለጨርቅ የለም። የእናናየሁ ጆሮ ጋለ።

«ድሪቶ የለበሱት ነው፣ አባቴ። ይህ ገላ ያልነካው ነው። ከመቀስ በቀር የቀመሰው የለም።»

«ይሁን፤ ይህን ሁሉ ዝንጉርጉር ማን ያስማማዋል?»

«እኔ አስማማዋለሁ።»

አለቃ ሳቁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ነገሩ እውነት ስላሳቃቸው ነው። «አንቺ? ቀለም ያልቆጠረች ሴት ስለ ቀለም ምን ታውቂያለሽ?»

እሳቸው ፊደሉን ማለታቸው ነበር፤ በሊቃውንቱ ቋንቋ ቀለም መቁጠር መማር ነው። እናናየሁ ግን መሬት ላይ የተዘረገፈውን ቀለም አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። የሺጥላ መርፌውን ያየው ጀመር። ከዚያ «እኔ እሰፋዋለሁ፣ አለቃ» አለ፤ ያለው ያንን ብቻ ነው።

«እሺ ስፋው» አሉ አለቃ፣ እየተነሡ። «የከተራ ዕለት ጠዋት አየዋለሁ። ድሪቶ ሆኖ ካገኘሁት ግን እዚያው ዕቃ ቤት ይቀራል፤ ታቦቱን ነጭ ነጠላ ወጥረንበት እናወርደዋለን። ሰው ከሚስቅብን ድህነታችንን ቢያይ ይሻላል።»

ደጁ እንደ ተዘጋ እናናየሁ «አንዲት ቃል ቸገረህ?» አለችው።

«ከተወራ ማን ያሠራኛል? ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ጥላ ሰፊ!» አለ የሺጥላ። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑም ንዴቷን አላበረደላትም፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ ጨው የሌለው ሽሮ አበላችው። እሱም ሦስቱንም ቀን ያለ አንዲት ቃል በላ፤ ጥፋቱን ያውቃልና።

በአራተኛው ቀን ጨው ጨመረችና ወደ ሥራዋ ገባች። ጥላው መውጣት አለበት። ዕቃ ቤት ከቀረ አለቃ ድሪቶ ያሉት ድሪቶ ሆኖ ይቀራል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ለቀማዋም፣ ሃያ ዓመት ደብቃ የኖረችው ዓይኗም ከንቱ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ከብዷት ነበር፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ጥርት ስትል፣ ግቢ ውስጥ የበግ ጠጉር ባናዋን ዘርግታ ቁራጮቹን ደረደረች። ሁሉንም በየባለቤቱ ታውቃቸዋለች። ይህ ወይን ጠጅ ከፋይ የአንድ ደጃዝማች ካባ ቁራጭ ነው፤ ይህ አረንጓዴ ሐር ከአንዲት ወይዘሮ የሠርግ ካባ የተረፈ፤ ይህ ወርቅ ዘቦ ያለበት ግምጃ ደግሞ ባለቤቱ ሳይለብሰው የሞተበት ነው፤ እሱን ስታነሣ ሁልጊዜ ታማትባለች። ጥላው ስምንት ገጽ አለው። በየገጹ ከላይ ከጉልላቱ ጠባብ ሆኖ ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ድርድር አሰበች። ቀዩን ከላይ አደረገችው፣ አልሆነም። ወደ ታች አወረደችው፣ አሁንም አልሆነም። ቢጫ ከነጭ አጠገብ ሲሆን ይሞታል። ቀይና አረንጓዴ ሲነካኩ ይጣላሉ። ሰማያዊ ሲበዛ ሁሉን ያቀዘቅዘዋል። ጥላ ከቅርብ የሚታይ ነገር አይደለምና ደርድራ በጨረሰች ቁጥር የድንጋዩ ካብ ላይ ወጥታ ከሩቅ ታየዋለች። ጎረቤት አልታየች በአጥሩ በኩል አንገቷን አውጥታ «ምነው እናናየሁ፣ ካብ ለካብ? ፍየል ሆንሽ እንዴ?» ብትላት «እየጠበቅሁ ነው» አለቻት፤ ምኑን እንደሆነ አልነገረቻትም።

አምስት ቀን እንዲህ ሆነች። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ውብ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ገበያ መሃል ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮህ ይመስላል። በስድስተኛው ቀን ካቡ ላይ ቆማ ሳለ ባሏ ደጃፍ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግማል። መጽሐፉ ተገልጦ በገጹ ራስጌ ያለው ሐረግ ታያት፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው እየተጠላለፈ የሚወርደው ጌጥ። ከካቡ ወርዳ ጎንበስ ብላ አየችው። ያ ሁሉ ቀለም የማይጣላው በመካከሉ የጥቁር ቀለም መስመር ስላለ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ጥቁሩን ሠርቶ በኋላ ነው ቀለሙን ያስገባው።

«ጥቁር!» አለች ጮክ ብላ። የሺጥላ ደንግጦ መዝሙሩ ጠፋበት።

በስልቻዋ ውስጥ ጥቁር አልነበረም። ለካባ የሚቀደድ ጥቁር ከፋይ ውድ ስለሆነ ሰፊዎቹ ቁራጩን አይጥሉትም። ስለዚህ ዓርብ ማለዳ ሁለት ልቃቂት ቀጭን ፈትል በጉያዋ ይዛ ወደ አሊዩ አምባ ወረደች። ከሐረርና ከባሕሩ ማዶ የሚመጣ ጨርቅ ሁሉ የሚራገፈው እዚያ ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፤ አየሩም ወረድ ባሉ ቁጥር እየሞቀ ይሄዳል። ገበያው ስትደርስ ጋቢዋን በራሷ ላይ አጣጥፋ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴው አው ኢድሪስ የአርጎባ ሰው ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሲስቅ ሆዱ የሚስቅ። «ቢስሚላህ፣ እናቴ፣ ምን ላውጣልሽ?» አላት። ለበዓል ጥቁር ከፋይ እንደምትፈልግ ስትነግረው ከዳሱ ሥር አንድ ጥቅል አወጣላት። እናናየሁ ጫፉን ይዛ ወደ ፀሐይ ወጣች።

«ይህ ጥቁር አይደለም» አለች። «ፀሐይ ላይ ወደ ቡና ያደላል።»

«ወላሂ ጥቁር ነው!»

«በጥላ ሥር ጥቁር ነው። እኔ ፀሐይ ላይ ነው የምፈልገው።»

አው ኢድሪስ ወጥቶ አየው። ከሌላ ግመል ጭነት አዲስ ጥቅል አስፈትቶ አመጣላት። ያኛው ጥቁር ነበር፤ ብርሃን ገብቶበት የማይወጣ ጥቁር። ፈትሏን በጣቱ መካከል አሻሽቶ ቅጥነቱን አደነቀና ጨርቁን ቀደደላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ለበዓላችሁ ነው አላልሽም? ለበዓል ጥቁር?»

«ጥቁሩን ማንም አያየውም፣ አው ኢድሪስ። ጥቁሩ ባለበት ሌላውን ነው የሚያዩት።»

አው ኢድሪስ «ማሻአላህ» አለና አንድ ስንዝር ጨምሮ ቀደደላት። ከጎኑ ላለው ነጋዴም «ይህችን ሴት ተጠንቀቃት፤ በቀለም አትታለልም» አለው። እናናየሁ ያን ቃል ይዛ ዳገቱን ወጣች፤ ዳገቱም በዚያ ቀን አልከበዳትም።

የሺጥላ ጥቁሩን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «ሰው ሐዘን ነው ይላል» አለ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣችና ሐረጉን ገልጣ ከፊቱ አኖረችው። ጣቷን በጥቁሩ መስመር ላይ አስኬደችለት። የተማረ ሰው ነውና አልደገመችለትም፤ ወዲያው መርፌ አነሣ። በየቁራጩ መካከል የጣት ስፋት ያለው ጥቁር ከፋይ እየገባ መሰፋት ጀመረ።

ገና ሁለት ገጽ እንዳለቀ፣ ከገና በዓል በፊት፣ ከደብረ ብርሃን መልእክት መጣ። እህቷ እናትነሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ እናት የላቸውም፤ ሄዳ መደገፍ የእሷ ነው። እናናየሁ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጣ የቀሩትን ስድስት ገጾች በየተራቸው ደረደረች። በየቁራጩ ጠርዝ ቋጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቁራጮቹ ከሦስት መቶ በላይ ነበሩ፤ ጣቷ ቆሰለ። ድርድሩን በስድስት ቁና አድርጋ «ከላይ ካለው ጀምር፤ ተራውን አታፋልስ» ብላው ሄደች።

እህቷ በሰላም ተገላገለች። እናናየሁ ጥር ስምንት ቀን ስትመለስ ጥላው ተሰፍቶ በአጥንቱ ላይ ተወጥሮ፣ ታጥፎ ቆሞ አገኘችው። አንዲት ቁራጭ አልተፋለሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፤ ገበር የሚሆን አቡጀዲ ስላጡ ውስጡ ራቁቱን ነው። ቋጠሮዎቹም እንዳሉ አሉ፤ የሺጥላ ቢቆርጣቸው ስፌቱ ይፈታል ብሎ ፈርቶ ትቷቸዋል።

«ውስጡን ማን ያያል» ተባባሉ።

የከተራ ዕለት ጠዋት የኮሶበር ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰበ። በዚያች ሰበካ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ጥላ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው የሠራው ሰው ነው፤ «የሠራው ይክፈተው» ይባላል፤ በኋላ ነው ዲያቆኑ የሚቀበለው። አለቃ ወልደተንሣኤ ግን ሳይከፈት ሊያዩት ነው የቀጠሩት። የታጠፈውን ጥላ ተቀበሉና ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ቋጠሮ?» አሉ። «ውስጡ ሁሉ ጓጎላ! የሺጥላ፣ አንተ ነህ ይህን የሰፋኸው?»

ሕዝቡ ተጠጋ። አለቃ ግን ቁጡ ቢሆኑም የቁጥር ሰው ናቸው፤ ጣታቸው ካገኘው ላይ ሳይቆጥር አይነሣም። አንዱን ገጽ ወደ ብርሃኑ ገለጥ አድርገው ከአንዱ ቁራጭ ወደ አንዱ አለፉ። «አንድ። እዚህ ሁለት። አንድ። ሦስት። ሁለት...» ቀና አሉ። «ይህ የስፌት ጉድለት አይደለም። ቀዩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ነው። አረንጓዴው ሥር ሁልጊዜ ሁለት። ምን ማለት ነው?»

እናናየሁ ባሏ ሲገረጣ አየች። ሃያ ዓመት ያሰፈሰፈችለትን ቃል የምትናገርበት ጊዜ ደርሷል፤ ለካ መናገሩ ቀላል አይደለም። እሱ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አልቻለችም።

«የኔ ስለት ነው፣ አባቴ» አለች ፈጥና። «ሴት የምትሳለው ስለት ነው። የባሌ እጅ የለበትም።»

«ስለት አይደለም» አለ የሺጥላ።

ወደ አለቃ አንድ እርምጃ ቀረበ። «አለቃ፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ስፈጠርም አልለይም ነበር። ቋጠሮው እኔ በጣቴ እንድለይበት ነው። ይህን ጥላ ብቻ አይደለም፤ የሰፋሁትን ሁሉ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። ስፌቱ የኔ ነው። ስታመሰግኑኝ የኖራችሁበት የቀለም ዓይን የእናናየሁ ነው። ኅዳር ላይ ልናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ፤ ይቅር በሉኝ። እሷም ይቅር ትበለኝ።»

የሺጥላን ያወቁት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃ ገጹን ይዘው እንደ ቆሙ ነበሩ። እናናየሁ በዓይኗ የሞላውን እንባ ለማፍሰስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ የጥላውን ፍርድ ነው የምትጠብቀው።

«ቀለም አልቆጠረችም ብዬ ነበር» አሉ አለቃ ቀስ ብለው። ከዚያ ጢማቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። «ለካስ ቋጥራ ኖሯል!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ የሺጥላም ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። አለቃ ጥላውን በሁለት እጃቸው አድርገው ወደ እናናየሁ ዘረጉላት።

«የሠራው ይክፈተው ነው ደንባችን። ከስፌቱ አስቀድሜ የማየው ሥራሽን... ሥራዎን ነው። ይክፈቱት፣ ወይዘሮ እናናየሁ።»

ዘንጉን ይዛ ከጥላው ሥር ሆና ገፋችው። አጥንቱ ተራ በተራ ተንጣጣ፤ ስምንቱ ገጽ ተወጠረ። የጥር ፀሐይ በገደሉ በኩል ገና መውጣቷ ነበር። ቀዩ ቀይ ሆነ፤ ቢጫው ቢጫ፤ አረንጓዴው አረንጓዴ፤ ጥቁሩን ማንም አላየውም። አልታየች «እሰይ እናናየሁ! እጅሽ ይባረክ!» ብላ እልልታውን ቀደመች፤ ቅጥሩ ሁሉ ተቀበላት። እናናየሁ ከጥላው ሥር ሆና ስሟን ሰማች። ደስታዋ እንዲህ ነው ተብሎ የሚነገር አልነበረም።

በዚያ ቀን ከየኮረብታው የወረዱት ታቦታት ሁሉ በውሃው ዳር ሲገናኙ፣ ከታላላቆቹ የግምጃ ጥላዎች መካከል ሰው ዓይኑን የጣለው በትንሿ ቂርቆስ ላይ ነበር። በበቅሎ ላይ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ልጓም ያዙ። «ያ አረንጓዴ ሐር የሠርጌ ካባ ነው!» አሉ። «ቁራጩ ተጠርጎ የተጣለ መስሎኝ!» ከበቅሏቸው ወርደው የቀረውን መንገድ ከቂርቆስ ጥላ ጀርባ በእግራቸው ሄዱ።

ጥር አሥራ አምስት የቂርቆስ ዕለት ነው። ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ሁለቱንም ወደ ዕቃ ቤቱ ደጅ ጠሯቸው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነገር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ብዕራቸውንና ሁለት የቀለም ቀንድ ይዘው ወንጌሉን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የሺጥላ ስሙን ሊናገር አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙት።

«የክርስትና ስምዎ ማነው?» አሏት እናናየሁን።

«ወለተሐና።»

ብዙ ጊዜ ወስደው ጻፉ። ሲጨርሱ እፍ እፍ ብለው አደረቁትና ወንጌሉን አዙረው አቀረቡላቸው። የሺጥላ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ አነበበላት። «ይህን ጥላ ለቅዱስ ቂርቆስ የሰጠች... ወለተሐና ይላል። ይኸውልሽ፤ ስምሽ እዚህ ጋ ነው።»

እናናየሁ ፊደል አታውቅም፤ ጣቱ ያረፈበትን ግን አየች። መስመሩ ሁሉ ጥቁር ነው። ጣቱ ያረፈበት ቃል ብቻ የበሰለ በርበሬ ይመስላል። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ እሱ ምንም የተለየ ነገር አላየበትም፤ እንደ ሌላው ቃል ነው ያነበበው።

«አንተ» አለችው፤ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ። «ስሜ እኮ ቀይ ነው።»

የሺጥላ ወደ ገጹ ተመለሰ። አንድ ጊዜ አየ፣ እንደገና አየ። ቀና ብሎ አለቃን ቢያያቸው እሳቸው ብዕራቸውን እየጠረጉ ነው። በቀይ የሚጻፈው የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ ካከበሩትም ደግሞ የሰጪው ስም መሆኑን እሱ ደብተራው ያውቃል።

«ቀይ ነው?» አላት።

እናናየሁ እጁን ይዛ አውራ ጣቱን በስሟ ላይ አኖረችለት።

«ቀይ ነው» አለችው። «አንድ ቋጠሮ።»